በሚኒሶታ የፌዛንትና የግራውስ አደን ለሚጀምሩ አዲስ ነዋሪዎች፦ ገንዘብዎን አስቀድመው በምን ላይ ቢያውሉ ይሻላል?

ወደ ሚኒሶታ በቅርቡ ተዛውረው የፌዛንት (የሜዳ ወፍ) እና የግራውስ (የጫካ ወፍ) አደን ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያስቀድሙት ጥያቄ «የትኛውን ጠመንጃ ልግዛ?» የሚል ነው። እኔ ግን ከጠመንጃው በፊት መሬቱን ማወቅ ይቀድማል ባይ ነኝ፤ ወፉ የት እንደሚውልና የት ገብቶ ማደን እንደሚፈቀድ የማያውቅ ሰው ምርጡን መሣሪያ ይዞም ቢሆን ባዶ እጁን ይመለሳል።

የፈቃዱን ነገር በአጭሩ ላንሳ። የነዋሪ ፈቃድ ለመግዛት በግዛቱ ቢያንስ 60 ቀን መኖር ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1979 ማብቂያ በኋላ የተወለደ ሰው ደግሞ የጦር መሣሪያ ደኅንነት ሥልጠና የወሰደበትን ምስክር ወረቀት ማቅረብ አለበት፤ በሌላ ግዛት የተሰጠውም ተቀባይነት አለው። ሥልጠናውን በኢንተርኔት ከመውሰድ ይልቅ በአካል መውሰድን እመርጣለሁ፤ አስተማሪዎቹ በአብዛኛው የአካባቢው በጎ ፈቃደኛ አዳኞች በመሆናቸው አዲስ ገቢ ሰው አገሩን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር የሚተዋወቅበት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም። በጊዜያዊ ቪዛ የሚኖሩ ሰዎች ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የፌዴራሉ ሕግ በመሠረቱ ጠመንጃም ሆነ ጥይት እንዳይዙ ይከለክላቸዋል፤ በሕግ የተሰጠ የአደን ፈቃድ መያዝ ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ ስለሆነ፣ ፈቃዱ ሳይወጣ ጠመንጃ መንካት አይገባም።

ከካርታዎች ኦንኤክስ ሃንት የተባለው የስልክ መተግበሪያ የእያንዳንዱን መሬት ድንበርና የባለቤቱን ስም ስለሚያሳይ ክፍያው የሚያስቆጭ አይደለም። ወጪ ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ነፃ ካርታ ቢጀምር አይጎዳም፤ ለሕዝብ አደን ክፍት የሆኑት የዱር እንስሳት አስተዳደር ቦታዎች ብቻ ከ1,400 በላይ ናቸው። በምዕራቡ የግዛቱ ክፍል በብዛት የሚገኙት የፌዴራል የውኃ ወፍ መራቢያ ቦታዎችም ለፌዛንት እጅግ ጥሩ ናቸው፤ በእነርሱ ውስጥ ግን የእርሳስ ጥይት ክልክል በመሆኑ የብረት ወይም ሌላ መርዛማ ያልሆነ ጥይት መያዝ ግዴታ ነው። ግራውስ የሚፈልግ ሰው ወደ ሰሜን፣ ወጣት የአስፐን ዛፎች ጥቅጥቅ ብለው ወደ በቀሉበት ጫካ ይሂድ። የግራውስ ቁጥር በ10 ዓመት ገደማ ዑደት ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ወፉ በሳሳበት ዓመት የጀመረ ሰው ተስፋ ሊቆርጥ አይገባም።

ጎረቤት ደቡብ ዳኮታ ፌዛንት የበዛባት በመሆኗ ብዙዎች በቀጥታ ወደዚያ መሄድን ይመክራሉ። በዚያ በቀን 3 አውራ መምታት ሲፈቀድ በሚኒሶታ እስከ ኅዳር ወር ማብቂያ 2 ብቻ ነው፤ ሴቷ ፌዛንት በሁለቱም ግዛቶች አትነካም። ሆኖም የደቡብ ዳኮታ የእንግዳ ፈቃድ የሚያገለግለው ለሁለት የ5 ተከታታይ ቀናት ጊዜያት ብቻ ስለሆነ፣ ጀማሪ ሰው በየሳምንቱ መጨረሻ እየወጣ የሚማርበት የቅርቡ ሜዳ ይበልጥበታል።

ጠመንጃን በተመለከተ ለጀማሪ በሞዝበርግ 500 እና በሬሚንግተን 870 መካከል መምረጥ በቂ ነው። ሁለቱም የፊት እጀታቸው እየተሳበ ጥይት የሚያጎርሱ፣ ለረጅም ዘመን የተፈተኑ መሣሪያዎች ናቸው። የሞዝበርጉ የደኅንነት ቁልፍ ከላይ በአውራ ጣት የሚገፋ በመሆኑ ግራኝ ለሆነ ሰው ያለማመንታት እርሱን እመክራለሁ። ቀኑን ሙሉ በጫካ ለሚጓዝ ሰው ቀለል ያለው ባለ 20 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል) ይመቻል፤ አንድ ብቻ የሚገዛ ከሆነ ግን፣ በተለይ በብረት ጥይት ፌዛንት ለመምታት፣ ባለ 12 ጌጁ ይሻላል። የብረት ቅንጣት ከእርሳስ ስለሚቀል ሁለት ቁጥር ተለቅ ያለ ቅንጣት ይመረጣል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቅንጣቱ ስለሚተልቅ፤ በእርሳስ 6 ቁጥር ይጠቀም የነበረ ሰው በብረት 4 ቁጥር ይግዛ። ሁለቱንም ዓይነት ጠመንጃ የያዘ ቤተሰብ ጥይቶቹን በአንድ ኪስ ፈጽሞ አይቀላቅል፤ የ20 ጌጅ ጥይት በ12 ጌጅ አፈሙዝ ውስጥ ሾልኮ ይወተፋል፣ ከኋላው ሌላ ጥይት ሲተኮስም አፈሙዙ ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ጥይት ቢጫ የተደረገው ለዚህ ነው።

ወፍ እያረቡ የሚለቁ የግል የአደን ቦታዎች ከነውሻቸው ስለሚያስተናግዱ ለአንድ ቀን ልምምድ ይጠቅማሉ፤ የዱሩ ወፍ ግን ገና ኮቴ ሲሰማ የሚሮጥ በመሆኑ በዚያ የተገኘውን ውጤት መለኪያ ማድረግ አይገባም። በ1982 በሴንት ፖል የተመሠረተው የፌዛንትና የመኖሪያው ጥበቃ ድርጅት ፌዛንትስ ፎርኤቨር በየአካባቢው ቅርንጫፎች ስላሉት፣ የአባልነቱ ክፍያ ከማንኛውም የቅንጦት ልብስ በፊት ቢወጣ እመርጣለሁ። ከልብስ ደግሞ ከወገብ በላይ የሚታይ ደማቅ ብርቱካንማ ወይም ሮዝ ልብስ በሕግ ግዴታ ሲሆን፣ ቀሪው ገንዘብ ውኃ በማያስገባ ጥሩ ጫማ ላይ ቢውል ይሻላል። ውሻ ግን በመጀመሪያው ዓመት አይግዙ፤ የአደን ውሻ ማኅበራት በሚያዘጋጁት የሥልጠና ቀን እየተገኙ ሥራውን ያግዙ፣ ጠቋሚ ውሻና ወፍ አስነሺ ውሻ ሲሠሩም በዓይንዎ ካዩ በኋላ ይወስኑ።