የ5 ዓመት ልጅም አያትም አብረው የሚያዩት ፊልም እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ፦ የቤቲ እናት፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ለእንቁጣጣሽ አማቴ ከጎንደር ይመጣሉ። የ5፣ የ9 እና የ13 ዓመት ልጆች አሉኝ። ምሳ ተበልቶ ቡና ከተጠጣ በኋላ ሁላችንም አንድ ላይ ተቀምጠን ፊልም ብናይ ደስ ይለኛል። አማቴ እንግሊዝኛ አይችሉም። ዓይናቸው ስለደከመ ከታች የሚሄደውን ጽሑፍም አይከተሉም። ትልቁ ልጅ «የሕፃን ፊልም» ነው ካለ ስልኩን ይዞ ክፍሉ ይገባል። ትንሿ ደግሞ በቀላሉ ትፈራለች፤ ከፈራች ሌሊቱን አትተኛም። ባለፈው በዓል «የቤተሰብ ኮሜዲ» የተባለ ፊልም መሃል ላይ የአልጋ ነገር አመጣ። አማቴ ተነሥተው ጓዳ ገቡ፣ በጣም አዘንኩ።

ቤት ኔትፍሊክስና ዩቲዩብ አለ። በፍላሽ ማስጫንም ይቻላል። ምን ልምረጥ? ፊልሙን ሳላየውስ ምን እንዳለበት እንዴት ልወቅ?

ሰላማዊት፣ ለንደን

እንኳን አብሮ አደረሰን። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። «ኮሜዲ»፣ «ካርቱን»፣ «የቤተሰብ» የሚሉትን አትመኚ፤ የለጠፋቸው ሻጩ ነው። የዕድሜ ምልክቱ ይሻላል። የአሜሪካኖቹ ጂ፣ ፒጂ፣ ፒጂ-13፣ አር እያለ ይወጣል። ጂ ለሁሉም ነው። ፒጂ ወላጅ አስቀድሞ ይየው ነው። ፒጂ-13 ከ13 ዓመት በታች ላሉ የማይሆን ነገር ሊኖረው ይችላል። ይህ ምልክት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ፒጂ ተብለው የወጡ ፊልሞች ሕፃናትን እያስደነገጡ ወላጆች ስላማረሩ ነው። አሻንጉሊታቸው ሱቅ ሁሉ የሚሸጥላቸው የጀግና ፊልሞች ብዙዎቹ ፒጂ-13 ናቸው። ለትልቁ ይሆኑ ይሆናል፣ ለትንሿ ግን አይሆኑም።

ከፊደሉ በላይ ምክንያቱን አንብቢ። ከፒጂ ጀምሮ ለምን እንደተሰጠ ባጭሩ ይጻፋል። ድብድብ ነው? ስድብ ነው? አስፈሪ ነገር ነው? ወይስ ወሲብ? አማት ፊት የሚከብደው ሌላ ነው፣ ትንሿን የሚያስለቅሳት ሌላ ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር ለፊልሞች ደረጃ የሚሰጠው ቢቢኤፍሲ ምን ምን እንዳለባቸው ድረ ገጹ ላይ ዘርዝሮ ይጽፋል። አይኤምዲቢ በሚባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ የፊልሙን ስም ፈልገሽ የወላጆች መመሪያውን ክፈቺ። ተመልካቾች ትዕይንቶቹን አንድ በአንድ ጽፈዋቸው ታገኛለሽ። የትኛው ላንቺ ቤት እንደማይሆን ወዲያው ይገባሻል።

እንዳለ፣ ፒያሳ

ቪዲዮ ቤት ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሰላማዊት ያለችው ልክ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ዩቲዩብ ላይ ያለው፣ ተራኪ ንግግሩን በአማርኛ የሚናገርበት ትርጉም ፊልም ለአማትሽ የቋንቋውን ችግር ይፈታል። የዕድሜው ምልክት ግን ተራኪውን አይመለከትም። ካርቱኑ ለሁሉም የተፈቀደ ሊሆን ይችላል። ተራኪው ከራሱ የሚጨምረው ቀልድና ስድብ ግን በደረጃ ሰጪ እጅ አላለፈም። የ9 ዓመት ልጅ ደግሞ የሰማውን በማግስቱ ትምህርት ቤት ይደግመዋል። ስለዚህ ከጅምሩም፣ ከመሃሉም፣ ከመጨረሻውም ትንሽ ትንሽ በጆሮ ማዳመጫ ስሚው። አፉን የማይቆጥብ ተራኪ ቶሎ ይታወቃል።

ፍላሽም ካልሽ «የቤተሰብ ፊልም ጫንልኝ» ብለሽ አትስጪ። ርዕሱንም ዓመቱንም ጽፈሽ ውሰጂ፤ በአንድ ስም ሁለት ሦስት ፊልም አለ። ፍላሹ ባዶ ይሁን። ያለበለዚያ ልጆቹ ሪሞቱን ይዘው ቀጣዩን ፋይል ይከፍታሉ፣ እሱ ምን እንደሆነ ደግሞ ማንም አያውቅም። እኔ ለበዓል ቀን ፍላሽ እመርጣለሁ። መብራት ቢጠፋ እንኳ ላፕቶፕ ላይ ይቀጥላል።

መምህርት ትዕግሥት፣ ሐዋሳ

የማስተምረው መዋዕለ ሕፃናት ነው፣ ስለ ትንሿ ልናገር። ትልቅ ሰው አስፈሪ ሲባል ደምና ጭራቅ ነው የሚያስበው። የ5 ዓመት ልጅን ግን አብዝቶ የሚያስጨንቃት የእናትና የአባት መለየት ነው። «ፋይንዲንግ ኒሞ» (2003) ጂ ነው። ገና ሲጀምር ግን የኒሞ እናት ትሞታለች። «ዘ ላየን ኪንግ»ም (1994) ጂ ነው። ግልገሉ የሞተ አባቱን ሊቀሰቅስ ሲታገል ብዙ ሕፃናት ያለቅሳሉ። ሁለቱም ድንቅ ፊልሞች ናቸው፣ አትከልክያት። ከጎንሽ አስቀምጫትና አስቀድመሽ ንገሪያት፦ «አባቱ ይሞታል፣ ልጁ ግን አድጎ ደህና ይሆናል» በያት። መጨረሻውን ማወቅ በዚህ ዕድሜ ደስታን አያጠፋም። እንዲያውም ያረጋጋል። አንዱን ተረት ደጋግማችሁ ንገሩን የሚሉን እኮ ምን እንደሚመጣ ማወቅ ስለሚወዱ ነው።

ከፈራች «ውሸት ነው እኮ!» አትበያት፣ ፍርሃቷ እውነት ነው። ፊልሙን አቁሚና እቀፊያት፣ ምን እንዳስፈራትም ጠይቂያት። ክፍሉንም አታጨልሙት። ደግሞ ከአንድ ሰዓት ተኩል የሚበልጥ ፊልም ለእሷ ረጅም ነው።

ዮናስ፣ ሜሪላንድ

እናቴ እኛ ጋ ሲመጡ መፍትሔ ያገኘሁት ንግግር የሌለበት ፊልም ውስጥ ነው። «ሾን ዘ ሺፕ ሙቪ» (2015) ላይ የሚገባ ንግግር የለም። ሰዎቹም በጎቹም በማጉረምረምና በምልክት ነው የሚግባቡት። በጎች የጠፋ ጌታቸውን ፍለጋ ከተማ ይገባሉ። ርዝመቱ 85 ደቂቃ ነው። አሜሪካ ለጸያፍ ቀልዱ ሲል ፒጂ ሰጠው፣ እንግሊዝ ግን ለሁሉም ብሎ አሳለፈው። እንስሳ እያሳደደ የሚይዝ ክፉ ሰው አለበት፣ ለትንሿ እሱን ንገሪያት። ከበግና ከላም ጋር ያደጉ እናት ያለ አስተርጓሚ ይስቃሉ፤ የእኔ እናት ዕንባቸው እስኪመጣ ስቀዋል።

ለትልቁ ልጅ አንድ ዘዴ አለኝ፤ አስተርጓሚ አድርጊው። «ቺልድረን ኦፍ ሄቨን» የሚባል የ1997 የኢራን ፊልም አለ። ወንድምና እህት አንድ ጫማ በፈረቃ እያደረጉ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ልጁ በኋላ ሩጫ ውድድር የሚገባው ለሦስተኛ የሚሰጠው ሽልማት ጫማ ስለሆነ ነው። ለኦስካር ታጭቶ ነበር። ንግግሩ ጥቂት ነው፣ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ለአያቱ በአማርኛ ይበልላቸው። ሥራ የተሰጠው ልጅ ክፍሉ አይገባም። ድህነቱም፣ ለአባት ያለው አክብሮትም፣ ሠፈሩም ለእኛ ሰው ሩቅ አይደለም። ከሁሉም አስበልጬ የምመክርሽ እሱን ነው።

ጡረተኛው፣ አዳማ

ልጄ፣ እናታችን የሚያውቁትን ሰው አሳዪያቸው። ስለ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ «ኢንዱራንስ» የሚባል ፊልም አለ። ኃይሌ ራሱን ሆኖ ይታያል። የአሰላው ገጠር፣ እየሮጠ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ፣ የአትላንታው 10,000 ሜትር ወርቅ ሁሉ አለበት። አሜሪካኖቹም ጂ ብለውታል። የእኔ የልጅ ልጆች ሲያዩት መጠየቅ አላቆሙም፣ እኔም አትላንታን እንዴት በሬዲዮ እንደሰማሁ አጫወትኳቸው።

ሄለን፣ ባሕር ዳር

አማርኛ ከሆነ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» (2015) አይሻልም? ካን ፌስቲቫል በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ልጅ ከበጉ ጋር ዘመድ ቤት ይላካል። አገሩ ያምራል፣ አማቷም ሁሉንም ይረዳሉ።

መምህርት ትዕግሥት፣ ሐዋሳ

ሄለንዬ፣ ፊልሙን በጣም እወደዋለሁ። ግን አጎቱ በጉን ለበዓል ሊያርደው ይፈልጋል። ግቢ ውስጥ የበዓል በግ ታስሮ ትንሿ ያን ካየች ምን ትሆናለች? ከበዓል ራቅ ባለ ቀን፣ ለሁለቱ ትልልቆች ይሁን። አማርኛ መሆኑ ብቻ ለሕፃን አያደርገውም። «ድፍረት»ም የእኛው ታሪክ ነው፣ ግን ስለ ጠለፋ ነው። ከ13 ዓመት ልጅ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ለሚፈልግ ወላጅ ጥሩ ነው፣ ለበዓል ምሳ ግን አይደለም። ለትንሿ ለብቻዋ የሚሆን ከፈለግሽ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» አለ፤ ቀጭኔዋን ትወዳታለች።

የቤቲ እናት፣ አዲስ አበባ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዓሉ ዕለት የበጎቹን፣ በማግስቱ ትንሿ ስትተኛ የጫማውን አሳያለሁ። የኃይሌን እየፈለግሁ ነው። አንድ ነገር ቀረኝ። ኔትፍሊክስ ፊልሙ ሲያልቅ ራሱ ሌላ ማስታወቂያ ይከፍታል። ማስቆም ይቻላል?

ሰላማዊት፣ ለንደን

ይቻላል። በስልክሽ ወይም በኮምፒውተር የአካውንት ገጹን ክፈቺ። በየፕሮፋይሉ ውስጥ ራሱ የሚያጫውተውን የሚያጠፉ ሁለት ምልክቶች አሉ፤ አንዱ ለቀጣዩ ክፍል፣ አንዱ ለፊልም ማስታወቂያው ነው። ሁለቱንም አጥፊ። እዚያው ለትንሿ የሕፃናት ፕሮፋይል ክፈቺላት፣ ያንቺንና የባለቤትሽን ደግሞ በፒን ቆልፊ። ለውጡ ቲቪው ላይ ካልታየ ከፕሮፋይሉ ወጥተሽ እንደገና ግቢ።