4 ጊጋባይት ራም ላላቸው የሊኑክስ ሚንት ኮምፒውተሮች የሚሻለው ብራውዘር የትኛው ነው?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ አነስተኛ የወጣቶች ንባብ ቤት ውስጥ ኮምፒውተሮችን በበጎ ፈቃድ እከታተላለሁ። በስጦታ ያገኘናቸው ላፕቶፖች አሮጌ የኢንቴል ማሽኖች ሲሆኑ አብዛኞቹ 4 ጊጋባይት ራምና ባለ ዲስክ ሃርድ ድራይቭ ነው ያላቸው። ፈቃድ በሌለው ዊንዶውስ ከመቀጠል ይልቅ ሊኑክስ ሚንት 22 ጭነንባቸዋል፤ 32 ቢት ብቻ የሆነው አንዱ ላፕቶፕ ግን ሌላ የሊኑክስ ስርጭት በሆነው በዴቢያን 12 ይሠራል።

ተጠቃሚዎቻችን በብዛት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። የትምህርት ቪዲዮ ያያሉ፣ ፒዲኤፍ ያወርዳሉ፣ ኢሜይል ይከፍታሉ፣ የማመልከቻ ቅጾችን ይሞላሉ። ኢንተርኔታችን በጥቅል የሚገዛ የሞባይል ዳታ ስለሆነ ብክነት አንችልም። ከሚንት ጋር የመጣው ፋየርፎክስ ነው፤ ከባልደረቦቼ አንዳንዶቹ በክሮም እንተካው ሲሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ እንደ ፋልከን ያለ «ቀላል» ብራውዘር ይሻላል ይላሉ። የትኛውን ትመክሩናላችሁ? ከየትስ መጫን አለበት?

ምላሽ (ከአዲስ አበባ)

ከሁለቱ ጥያቄዎችዎ ክብደት ያለው ሁለተኛው ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ልነሣ። ብዙ ወጣቶች የይለፍ ቃላቸውን በሚያስገቡበት የጋራ ኮምፒውተር ላይ ከፍጥነትም በፊት መታየት ያለበት፣ የብራውዘሩን የደኅንነት ማሻሻያ ማን እንደሚያዘጋጀውና በምን ያህል ፍጥነት እንደሚደርስ ነው። ፋልከን መልካም ፕሮግራም ቢሆንም በውስጡ የሚሠራው ኪውት ዌብኤንጂን የተባለው ክፍል የተወሰደው ለክሮም መሠረት ከሆነው ክፍት ምንጭ ብራውዘር ከክሮሚየም ነው፤ ክሮሚየም ላይ የተደፈነ ቀዳዳ እዚያ ደርሶ፣ ከዚያም በስርጭቱ አዘጋጆች እጅ አልፎ ወደ እናንተ እስኪመጣ ድረስ ጊዜ ይወስዳል። በዚያ ላይ «ቀላል» የሚባለው ነገር ብዙውን ጊዜ የማይታመን ነው፤ ዛሬ ራሙን የሚሞላው የብራውዘሩ መስኮት ሳይሆን የሚከፈተው ገጽ የሚያመጣው ስክሪፕት፣ ማስታወቂያና ቪዲዮ ነው።

ከዚህ አንጻር በሚንት ላይ ያለው ፋየርፎክስ ጥሩ ቦታ ላይ ነው። ከጥር 2022 ወዲህ (እዚህ ገጽ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሚንት ከሞዚላ ጋር ባደረገው ስምምነት መሠረት፣ ሞዚላ ራሱ ያጠናቀረው ፋየርፎክስ በተለመደው የሚንት የመጫኛ ፋይል፣ በዴብ ፓኬጅ፣ ተጭኖ ይመጣል፤ ማሻሻያውም በሚንት የማሻሻያ ማስተዳደሪያ በኩል ከሌላው ሁሉ ጋር ይደርሳል። ሚንት የተመሠረተበት ኡቡንቱ ግን ከ22.04 ጀምሮ ፋየርፎክስን ስናፕ በተባለ ሌላ የመጫኛ ዓይነት ብቻ ያቀርባል። ስናፕ የታመቀ ፋይል ስለሆነ እንደ እናንተ ባለ ባለ ዲስክ ሃርድ ድራይቭ ላይ መጀመሪያ ሲከፈት ይዘገያል፤ ማሻሻያንም በራሱ ሰዓት በቀን 4 ጊዜ ስለሚፈትሽ ዳታ በሚቆጠርበት ቤት ምቹ አይደለም። ሚንትን በመምረጣችሁ ከዚህ ድነናል ብላችሁ ቁጠሩት።

ዳታን በተመለከተ ከብራውዘር ምርጫ ይልቅ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ማስታወቂያ ከልካይ ነው። ክሮም ማኒፌስት ቪ2 የተባለውን የኤክስቴንሽን (በብራውዘር ላይ የሚጨመር አነስተኛ ፕሮግራም) ሥርዓት ከ2024 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ በማስወገዱ ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለው ማስታወቂያ ከልካይ በሙሉ አቅሙ እዚያ መሥራት አልቻለም፤ የቀረለት «ላይት» የተባለው አነስተኛ ቅጂ ነው። በፋየርፎክስ ላይ ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጅን ይሠራል፤ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ዛሬውኑ ጫኑት።

ቪዲዮ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፋየርፎክስ ከእትም 115 ጀምሮ በሊኑክስ ላይ በኢንቴል ግራፊክስ አማካይነት ቪዲዮን ይፈታል፤ ይህም ፕሮሰሰሩን ያሳርፋል። ሆኖም የቪዲዮ ድረ ገጾች በብዛት የሚልኩት ቪፒ9 ወይም ኤቪ1 የተባሉትን ቅርጸቶች ሲሆን፣ የአሮጌ ኢንቴል ቺፖች ግራፊክስ እነዚህን መፍታት አይችልም፤ ኤች.264ን ግን ይችላል። ስለዚህ ድረ ገጹ ኤች.264 ብቻ እንዲልክ የሚያስገድድ አነስተኛ ኤክስቴንሽን ጨምሩ፤ የምስሉን ጥራትም በ480 ላይ ወስኑት። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ማራገቢያው ዝም ማለቱን ስታዩ ልዩነቱ ይገባችኋል።

ስለ 32 ቢቱ ላፕቶፕ፦ ክሮም በሊኑክስ ላይ ለ32 ቢት የሚሰጠውን ድጋፍ በመጋቢት 2016 አቋርጧል። ከፋየርፎክስም 32 ቢት ሊኑክስን የደገፈው የመጨረሻው መደበኛ እትም 144 ነው፤ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ኢኤስአር 140 ብቻ ቢያንስ እስከ መስከረም 2026 የደኅንነት ማሻሻያ እንደሚያገኝ ሞዚላ አስታውቋል። ያንን ማሽን ቀስ በቀስ ያለ ኢንተርኔት ለማንበቢያና ለመጻፊያ ብታዛውሩት ይሻላል።

ምላሽ (ከሀዋሳ)

ከላይ በተባለው በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን በፋየርፎክስ ብቻ መወሰን ተማሪውን ችግር ላይ ይጥለዋል። በክሮም ላይ ብቻ ተሞክረው የተለቀቁ የማመልከቻ ቅጾች ጥቂት አይደሉም፤ ቅጹ «ላክ» የሚለውን ሲጫኑት ዝም ካለ፣ የመመዝገቢያው ቀን እያለቀበት ያለን ልጅ ስለ ክፍት ምንጭ በማስረዳት ማጽናናት አይቻልም። ስለዚህ ክሮሚየም በሁለተኛነት ይጫን። ሚንት ከእትም 20 ጀምሮ ስናፕን ስለዘጋ ክሮሚየምን ራሱ በዴብ እያዘጋጀ ያቀርባል፤ ከሶፍትዌር ማስተዳደሪያው ላይ ያገኙታል።

ክሮምን ሳይሆን ክሮሚየምን ያልሁበት ምክንያት አለኝ። ጉግል ከመጋቢት 15 ቀን 2021 ወዲህ ክሮሚየም የጉግል ሲንክን (የይለፍ ቃልና ዕልባት ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው የሚያዛምደውን አገልግሎት) እንዳይጠቀም ከልክሏል። ለግል ኮምፒውተር ይህ ጉድለት ሲሆን ለንባብ ቤት ግን ጥቅም ነው፤ አንድ ተማሪ የራሱን የይለፍ ቃሎች በሙሉ በብራውዘሩ በኩል ወደ ጋራ ማሽን ስቦ ትቷቸው የሚሄድበት መንገድ ተዘጋ ማለት ነው።

ባልደረቦችዎ በስም ከተጣሉ ደግሞ ይህን ንገሯቸው፦ የክሮም ኤንጂን (ድረ ገጹን በስክሪን ላይ የሚያሳየው ክፍል) የሆነው ብሊንክ በ2013 ከዌብኪት የተገነጠለ ነው፤ ዌብኪትም የመነጨው የኬዲኢ ዴስክቶፕ ሰዎች ለኮንከረር ብራውዘር ከጻፉት ኬኤችቲኤምኤል ነው። ዘሩ የሊኑክስ ዴስክቶፕ ልጅ ነው።

ምላሽ (ከዋሽንግተን ዲሲ)

ማንም ያላነሣው የአማርኛ ጉዳይ አለ። ፋየርፎክስ በቅንብሩ ውስጥ ለኢትዮጵያ ፊደል ለብቻው ፎንት መምረጥ ያስችላል፤ ኖቶ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ከጫናችሁ በኋላ እዚያ ብትመርጡትና አነስተኛውን የፊደል መጠን ከፍ ብታደርጉት፣ በትንሽ ስክሪን ላይ ሰ እና ሱ የማይለዩባቸው ገጾች ይነበባሉ። የክሮሚየም ቅንብር እንዲህ ያለ በፊደል የተከፈለ ምርጫ የለውም። በአንጻሩ ክሮሚየም የሲስተሙ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን ምናሌዎቹንም በአማርኛ ያሳያል፤ ፋየርፎክስ በይፋ የሚለቀቅ የአማርኛ ገጽታ የለውም። ለመጻፊያ አይባስና የኤም17ኤን ፓኬጅ በቂ ናቸው፤ በላቲን ድምፅ እየመቱ በግእዝ ፊደል የሚጽፉበት «ሴራ» የተባለው ዘዴ አብሮ ይመጣል።

የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፋየርፎክስን ዋና፣ ክሮሚየምን ተጠባባቂ አድርገን እንቀጥላለን። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ ተማሪዎች ኢሜይላቸውን ሳይዘጉ እየተነሡ ይሄዳሉ፣ ቀጥሎ የሚቀመጠውም የሰው ደብዳቤ ይከፈትለታል። በእያንዳንዱ ማሽን ላይ በእጅ ማጽዳት አልቻልሁም።

ምላሽ (ከአዲስ አበባ)

ሁለት መንገዶችን አብረው ይጠቀሙ። በሚንት የመግቢያ መስኮት ቅንብር ውስጥ የእንግዳ መግቢያን ይፍቀዱ፤ ተማሪው ሲወጣ የሠራው ሁሉ ከማሽኑ ይጠፋል። ያወረደው ፒዲኤፍም አብሮ ስለሚጠፋ ፍላሽ ይዞ እንዲመጣ አስቀድሞ ይነገረው። ሳይወጣ ለሚሄደው ደግሞ ፋየርፎክስ ለድርጅቶች ያዘጋጀው የፖሊሲ ፋይል አለ፤ አንድ ጊዜ ጽፈው በሲስተሙ የቅንብር ማህደር ውስጥ በፋየርፎክስ ስም በተከፈተ ማህደር ሥር ባለ የፖሊሲ ማህደር (/etc/firefox/policies/policies.json) ካስቀመጡት፣ ብራውዘሩ በተዘጋ ቁጥር ኩኪና ታሪክ እንዲጸዳ፣ የይለፍ ቃል ላስቀምጥ ወይ ብሎ እንዳይጠይቅ፣ ዩብሎክ ኦሪጅንም በራሱ እንዲጫን ያደርጋል። በአንድ ማሽን ላይ ሞክረው ከሠራ ያንኑ ፋይል ወደ ሌሎቹ በፍላሽ ይቅዱት። መስኮቱን ሳይዘጋ የሚነሣውን ግን ይህም አያድነውም፤ ለእሱ ማሽኑ ለጥቂት ደቂቃ ሳይነካ ሲቆይ ከእንግዳው መግቢያ በራሱ የሚያስወጣ አጭር ስክሪፕት ያስፈልጋችኋል፤ ከፈለጋችሁ አዘጋጅቼ እልካለሁ።