ለእህቴ ልጅ ትምህርት ቤቱን ምን ብዬ ልጠይቅ?

ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የእህቴ ልጅ ጆሮዋ በደንብ አይሰማም። የመስሚያ መሣሪያ ታደርጋለች። ግን ክፍሉ በልጆች የተጨናነቀ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ የመምህሩን ድምፅ ብቻ ሳይሆን ጫጫታውንም አብሮ ያጎላዋል። ስለዚህ የመምህሩን ከንፈር ማየት አለባት። እሷ ግን የተቀመጠችው መጨረሻ ወንበር ላይ ነው። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞረው ሲያስረዱ ምንም አይደርሳትም።

ፊት እንድትቀመጥና የቃል ጥያቄ በጽሑፍ እንዲሰጣት ጠየቅን። "ለአንድ ልጅ ብለን አሠራር አንቀይርም፤ ልዩ ትምህርት ቤት ውሰዷት" ተባልን። በጣም ነው ያንገበገበኝ። ልጅቷ እኮ ጎበዝ ናት! በጽሑፍ የተሰጣትን ሁሉ ትሠራለች።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንብቤያለሁ። አንቀጽ 24 ማንም በጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛ ትምህርት እንዳይገለል ይላል። ለእያንዳንዱ ተማሪ እንደ ፍላጎቱ ተመጣጣኝ ማመቻቸት፣ ማለትም ከአቅም በላይ ሸክም የማይሆን ማስተካከያ፣ እንዲደረግም ያዛል። አንቀጽ 2 ደግሞ ይህን መከልከል ራሱ አድልዎ መሆኑን ይናገራል። የወንበር ቦታ መቀየር ምንም ወጪ የለውም። ታዲያ ይህ እንዴት ከባድ ይሆናል?

የቸገረኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። እናቷ "ክስ ከጀመርን ልጄን ጥርስ ይነክሱባታል" ብላ ፈርታለች። ፍርሃቷ ይገባኛል።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ወላጆችና መምህራን፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ደብዳቤውን መጀመሪያ ለርእሰ መምህሩ ልጻፍ ወይስ በቀጥታ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት? የጆሮ ምርመራ ውጤቷን ላያይዘው? ልጅቷ ሳትጎዳ እንዴት ልግፋበት?