ክርክር፦ «ተቋራጭ ነኝ» ብሎ የፈረመ ሰው ሥራ ላይ ቢጎዳ ካሳ ይከፈለው?

መነሻ፦ አንድ የጣሪያ ሠራተኛ ሥራ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። የጉዳት ካሳ ሲጠይቅ አሠሪው «ራሴን ችዬ የምሠራ ተቋራጭ ነኝ» የሚል የተፈረመ ወረቀት አቀረበ። ወረቀቱ ካሳውን ያስቀራል?

የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ፦ ያስቀራል። አንብቦ የፈረመ አዋቂ ሰው ነው። ከቅጥር ሠራተኛ የተሻለ ክፍያ የተቀበለውም የራሱን መድን እንዲገዛበት ነው። አደጋ ሲደርስ ውሉ የሚፈርስ ከሆነ፣ አረቦን (የመድን መዋጮ) ላልከፈልኩለት ሰው ካሳውን ከኪሴ ልከፍል ነው።

የጉዳት ካሳ ጠበቃ፦ ወንድሜ፣ የአረቦኑ ስጋትዎ እውነተኛ ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 198 እንዳለው፣ የሚታየው ሥራው በተግባር የተከናወነበት ሁኔታ ነው፤ ውሉ ላይ የተጻፈው ስያሜ አይደለም። ጠዋት የሚገባበትን ሰዓት ማን ወሰነ? መሰላሉና የደኅንነት ቀበቶው የማን ነበር? ዋጋውን ያቀረበው እርሱ ነው ወይስ ተነገረው? በዚያው ሳምንት የሌላ ደንበኛ ሥራ መያዝ ይችል ነበር? ሰዓቱም መሰላሉም ዋጋውም የእርስዎ ከሆነ፣ ሰውየው የእርስዎ ሠራተኛ ነው።

ደግሞ ስያሜው እርስዎንም ይጎዳል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1884 የአደጋ መድን ሕግ ስታወጣ የተዘረጋው ሥርዓት ልውውጥ ነበር፦ ሠራተኛው የአሠሪውን ጥፋት ሳያስረዳ ይካሳል፤ በምላሹ አሠሪውን በፍርድ ቤት አይከስም። በዚህ መንገድ በሄዱ አገሮች፣ «ተቋራጭ ነው» ብለው ከሥርዓቱ ያስወጡት ሰው «በቸልተኝነትዎ ተጎዳሁ» ብሎ ሊከስስዎ ይችላል። ያ ከለላ አይኖርዎትም።

በግሉ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፦ እኛስ? መኪናውም መሣሪያውም የራሴ ነው፤ ዋጋ የምቆርጠውም እኔ ነኝ። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በጉዳት ካሳ ላይም ሥራ ላይ ያዋለችው ባለ ሦስት መስፈርት ሕግ፣ ተቋራጭ ለመባል ሥራው ከአሠሪው መደበኛ ሥራ ውጭ መሆን አለበት ይላል። እንዲህ ከሆነ ለሌላ የኤሌክትሪክ ድርጅት ሥራ ይዤ ተቋራጭ ልባል አልችልም ማለት ነው። ብዙ የሙያ ዘርፎች በልዩ ሁኔታ እንዲተዉ የተደረገው መስፈርቱ ከልክ በላይ ሰፊ ስለሆነ ነው።

ጠበቃው፦ በዚያ መስፈርት ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። የማልለቀው የማስረዳት ሸክሙን ነው። ሰውየው ተቋራጭ መሆኑን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። የሰዓት መቆጣጠሪያውም የክፍያ መዝገቡም በእርሱ እጅ ነው። ዳሌው ተሰብሮ የተኛ ሰው ምን ሰነድ ያቀርባል?

የሕንፃ ሥራ ተቋራጩ፦ ሸክሙ በእኔ ላይ ይሁን ካላችሁ፣ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ሥራው ሳይጀመር ጉዳዩን መርምሮ «ይህ ሰው ቅጥር ነው» ወይም «ተቋራጭ ነው» ብሎ በጽሑፍ የሚወስን የመንግሥት አካል ይኑር። ቅጥር ነው ካለኝ በዚያው ቀን አረቦኑን እከፍላለሁ።

ጠበቃው፦ በተግባር የተሠራው ለዚያ አካል ከተነገረው ጋር አንድ እስከሆነ ድረስ እስማማለሁ።