«አትላንቲክ ኮንቬየር» ያለ መከላከያ ለምን ተላከች?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1982 በፎክላንድ ጦርነት የእንግሊዝ መንግሥት ከኩናርድ ኩባንያ ወስዶ ያዘመታት «አትላንቲክ ኮንቬየር» የተባለች ኮንቴይነር ጫኝ መርከብ በአርጀንቲና ሚሳይል መመታቷን አነበብኩ። ያን ሁሉ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር የተሸከመች መርከብ ያለ አንዳች መከላከያ የተላከችው ለምንድን ነው? መስጠሟስ ዘመቻውን ምን ያህል ጎዳው? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መላሽ 1፦
ዋናው ምክንያት የጊዜ እጥረት ነው። ሊቨርፑል ላይ ያለ ሥራ ቆማ የነበረችው መርከብ በኤፕሪል ወር ተወስዳ፣ ዴቨንፖርት በሚገኘው የባሕር ኃይል ወደብ ለአዲሱ አገልግሎት ከተዘጋጀች በኋላ በዚያው ወር በ25ኛው ቀን ጉዞ ጀመረች። በላይኛው ወለሏ ግራና ቀኝ የተደራረቡት ኮንቴይነሮች መሐል ለሚቆሙት አውሮፕላኖች ከነፋስና ከማዕበል መከለያ ሆኑ። ረዳት መርከብን (ጦሩን እንድታገለግል የተወሰደች የንግድ መርከብን) ማስታጠቅ በሕግ ይፈቀዳል ወይ የሚለው ጥያቄም አከራካሪ ስለነበር ሚሳይል ማሳቻ እንኳ አልተገጠመላትም።

መላሽ 2፦
ስለ ጉዳቱ ልጨምር። ሜይ 25 ከሱፐር ኤታንዳር አውሮፕላኖች የተተኮሱ ሁለት ኤግዞሴ ሚሳይሎች መቷት። የጭነት መርከብ ውስጧ እንደ ጦር መርከብ በብዙ ግድግዳ ስለማይከፋፈል፣ እሳቱ ነዳጅና ጥይት ወደተከማቸበት ክፍል ለመዛመት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ከሦስት ቀን በኋላም ሰጠመች። ሦስት ቺኑክና ስድስት ዌሴክስ ሄሊኮፕተሮች፣ እንዲሁም የወታደሩ ድንኳን አብረው ጠፉ። በዚያች ሰዓት በአየር ላይ የነበረ አንድ ቺኑክ ተረፈ። ይኸው ሄሊኮፕተር በኋላ በአንድ በረራ 81 ወታደሮችን ማጓጓዙን ስናስብ የሌሎቹ መጥፋት ምን ማለት እንደነበር ይገባናል፤ ከመርከብ ወደ ደሴቱ ከወረደበት ከሳን ካርሎስ የተነሣው የእንግሊዝ እግረኛ ጦር ሸክሙን አዝሎ ረግረጉን በእግሩ ማቋረጥ ግድ ሆኖበታልና።

መላሽ 3፦
ከሁሉ በፊት 12 ሰዎች መሞታቸው ሊዘነጋ አይገባም፤ ከእነርሱም አንዱ የንግድ መርከበኛ የነበረው ካፒቴኗ ኢያን ኖርዝ ነው። በእኔ እምነት ደግሞ ከመከላከያው ጉድለት ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው የጭነቱ አደላደል ነው። ጦሩ የተመካባቸውን ከባድ ሄሊኮፕተሮች በአንድ መርከብ ላይ ማከማቸት፣ መርከቧ ብትታጠቅም ባትታጠቅም፣ አንድ ምት ዘመቻውን እንዲያሰናክል መፍቀድ ነበር። የጫነቻቸው ሃሪየር ተዋጊ አውሮፕላኖች ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ወደ አውሮፕላን ተሸካሚዎቹ ባይዛወሩ ኖሮ፣ ኪሳራው ወታደሩን በእግር ከማስኬድ አልፎ የአየር ሽፋኑን ጭምር ባሳጣው ነበር።