የትምህርት ቤት ወላጆች ጽዋ ማኅበር ልንጀምር ነው፤ ከየት እንነሣ?

የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ለዚህ ቤት። ልጆቻችን አዲስ አበባ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ከ1ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ይማራሉ። በር ላይ የምንተያይ 9 የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች ነን፤ ትውውቃችን ግን ከሰላምታና «የቤት ሥራው ስንት ገጽ ነበር?» ከመባባል አያልፍም። በወር አንድ ቀን እየተሰበሰብን ልጆቹ ጸሎቱን፣ ጾሙን፣ ምጽዋቱን፣ ሰው ማክበሩን በሥራ የሚለምዱበት፣ እኛም ደስታና ኀዘን የምንካፈልበት ነገር እንጀምር ተባብለናል። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ተበተነ። አንዱ ጽዋ (በቅዱስ ስም በየቤቱ በተራ የሚጠጣ ማኅበር) ይሁን ይላል፤ ሌላው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይፍቀድልን ይላል፤ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩት ቤቱ ይጠባል፣ ወጪውም ይከብዳል ይላሉ። በአንዱ ቤት ደግሞ እናት ኦርቶዶክስ፣ አባት ፕሮቴስታንት ናቸው። ሥርዓቱን የምታውቁ ንገሩን፤ ከምን እንጀምር? እንዲህ ያለውን ነገር የሚያፈርሰውስ ምንድን ነው?

የማኅበር ሙሴ

እህቴ፣ ጽዋ ይሁን ያሉት አልተሳሳቱም። ሥርዓቱ ከአባቶች የቆየ ስለሆነ አዲስ ነገር መፍጠር አይጠበቅባችሁም። መነሻው ማቴ 10፥41-42 ነው፤ በጻድቅ ስም መቀበል፣ በደቀ መዝሙር ስም ቀዝቃዛ ውኃ ማጠጣት።

ማኅበር ብዙውን ጊዜ 12 አባል የሚሆነው ተራው ለ12ቱ ወር እንዲዳረስ ነው። የእናንተ ልጆች የሚማሩት ግን ከመስከረም እስከ ሰኔ 10 ወር ነው። አንድ ቤተሰብ ጨምራችሁ 10 ሁኑ፤ እያንዳንዱ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሰዋል፣ ሐምሌና ነሐሴ ጽዋው ሰኔ ላይ በተረከበው ቤት ይቆያል። ከ12 በላይ ከሆናችሁ አንዱ ቤት አይችላችሁም፣ ልጆቹም መንጋ ይሆናሉ፤ ሁለት ማኅበር መሆን ይሻላል።

ቀኑን በተመለከተ፦ 12 ሚካኤልን፣ 21 ማርያምን ወይም 27 መድኃኔዓለምን ብትመርጡ አብዛኛው ወር የሥራ ቀን ላይ ይውላል። በዕለቱ ሁሉም በየቤቱ በጸሎት ያስበው፤ ጽዋው ግን ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ይጠጣ። እሑድ አትበሉ፤ ቅዳሴ አለ፣ ዕድር አለ፣ ሰርግ አለ። ይህንን በመተዳደሪያ ደንባችሁ ካልጻፋችሁት በየወሩ «የዚህን ወር መቼ እናድርገው?» እየተባለ ጊዜ ያልቃል፤ ሁለት ወር የዘለለ ማኅበር ደግሞ መልሶ አይገጥምም።

መርሐ ግብሩ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይለፍ። ጸሎት 10 ደቂቃ፣ ወንጌል ማንበብ 5፣ የልጆች ትምህርት 25፣ መዝሙር 10፣ ባለፈው ወር ምን ተሠራ የሚለው 10፣ ዳቦው ተባርኮ መቅመስ 25፣ ጽዋውን ማስረከብ 5። ካህን ሁልጊዜ ላይገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ የሆነውን አጥቢያ መርጣችሁ ሰበካ ጉባኤውን አሳውቁ፣ አንድ ካህን ይመደብላችሁ፤ እሳቸው ሳይመቻቸው ሲቀር ማን እንደሚያስተምር ቀድማችሁ ከእሳቸው ጋር ተነጋገሩ። ቤተ ክርስቲያን ሳታውቀው የቆመ ማኅበር ዛሬ ባይሆን ነገ የሚያስጠይቅ ነገር አያጣም።

አሁን ወደሚያፈርሰው ልምጣ። ማኅበር የሚያፈርሰው ድግስ ነው። የመጀመሪያው ቤት ዳቦ ያቀርባል፤ ሁለተኛው ዶሮ ይጨምራል፤ ሦስተኛው በግ ያርዳል፤ አራተኛው ያን ያህል አቅም ስለሌለው «ልጄ አሞታል» ብሎ ይቀራል። ስለዚህ በደንቡ ይጻፍ፦ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ አንድ መጠጥ። የጨመረ ይቀጣል። ይህ ማዕድ በጾምም በፍስክም አንድ ነው፤ ወተትና ቅቤ እስካልነካው ድረስ ማንም ቀን መቁጠር አያስፈልገውም።

ለ40 ሰው 3 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት ይበቃል፤ ከ1.8 እስከ 2 ሊትር ውኃ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ እርሾ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ያልሞላ ጨው። በአንድ ድፎ ከተጋገረ ዳሩ ሲያር መሀሉ ሊጥ ይቀራል፤ ለሁለት ክፈሉት። ቆሎ 2 ኪሎ፣ መጠጥ 10 ሊትር።

ለጠባብ ቤት ሁለት መንገድ አለ። ባለ ተራው የኮንዶሚኒየሙን ኮሚናል ያስፈቅዳል፤ ወይም እንደ ሰንበቴ አድርጋችሁ ዳቦውን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ትቀምሳላችሁ፣ ደጅ ላይ ያሉ ነዳያንም አብረው ይበላሉ። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ግን የቤት ለቤቱም መተዋወቅ የራሱ ጥቅም አለው።

ተራ መዝለል የለም፤ መቀያየር ግን አለ፣ ከ2 ሳምንት በፊት ከተነገረ።

የአራተኛ ክፍል መምህር

አዳራሹን እርሱት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ይደነግጋል። አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግ መብት ይሰጣል። ሁለቱን አብራችሁ ስታነቡ መንገዱ ግልጽ ነው፤ መብታችሁ ነው፣ ግን ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ። ርእሰ መምህሩ አንድ ጊዜ ለእናንተ አዳራሽ ከፈቀደ ነገ ሌላው ሲጠይቅ መከልከያ የለውም፤ ፈቀደም ከለከለም ጠብ ይመጣበታል።

ከዚህ የሚከተሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም በማኅበሩ ስም ውስጥ አታስገቡ። በወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ወይም በክፍል የቴሌግራም ግሩፕ መዝሙርና የማኅበር ጥሪ አትልቀቁ፤ እዚያ ሙስሊም ወላጅ አለ፣ ፕሮቴስታንት ወላጅ አለ፣ ግሩፑ የተከፈተው ለትምህርት ጉዳይ ነው። ስልክ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ አትውሰዱ፤ ፊት ለፊት ጠይቃችሁ ፈቃደኛ የሆነውን ብቻ ጨምሩ። በግቢው ውስጥ ወረቀት አትበትኑ።

ሌላው፣ ልጆቻችሁን የሚያስተምር መምህር የማኅበሩ ኃላፊ አይሁን። በአባልነት ይምጣ፤ ሙሴ (የማኅበሩ መሪ) ወይም ገንዘብ ያዥ ከሆነ ግን የማኅበሩ ልጅ ጥሩ ውጤት ባመጣ ቁጥር የሌላው ወላጅ ዓይን ይጠራጠራል፣ መምህሩም መከላከያ የለውም።

እንዲያው አንድ ደንብ ልጨምርላችሁ፦ በጽዋው ላይ «ስንተኛ ወጣ?» የሚባል ጥያቄ ክልክል ይሁን። ወላጅ በተሰበሰበበት ወሬው ዞሮ ዞሮ ደረጃና መምህር ማማት ላይ ይወድቃል። ልጆቹ ደግሞ ይሰማሉ።

የሕፃናት ክፍል አገልጋይ

ከላይ የተባለው ሁሉ ጥሩ ነው፤ እኔ በልጆቹ በኩል ልናገር። ትልልቆች ሲመካከሩ ልጆች ሌላ ክፍል ቴሌቪዥን የሚያዩ ከሆነ ያቋቋማችሁት የወላጆች ማኅበር ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ሥራ ስጡት። የ1ኛ ክፍሉ ቆሎ ይዙር፣ የ2ኛው የእጅ ውኃ ያስታጥብ፣ ማንበብ የቻለው ወንጌሉን ያንብብ፣ ትልቁ ስም ጠርቶ የቀረውን ይመዝግብ፤ ጽዋው ሲተላለፍ የተረካቢው ቤት ልጆች ጧፍ ይዘው ይቁሙ። ሥራው በየወሩ ይቀያየር፤ አለበለዚያ አንዷ ልጅ ሁልጊዜ አስታጣቢ፣ አንዱ ልጅ ሁልጊዜ አንባቢ ሆኖ ይቀራል። ትሕትና የሚለመደው አንባቢው ሲያስታጥብ ነው።

ለዓመቱ ትምህርት ስድስቱ ቃላተ ወንጌል (ማቴ 25፥35-36) ይበቃችኋል። ከወራቱ ጋር አዛምዱት።

በመስከረም እንግዳ መቀበል፦ አዲስ የገቡ ተማሪዎች ያሉት ያን ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ልጅ በክፍሉ ያለ አንድ አዲስ ልጅ ስም አጥንቶ ይምጣ፤ የማንም ሃይማኖት አይጠየቅ።

በጥቅምት የታረዘን ማልበስ፣ ምክንያቱም ብርዱ ሊገባ ነው። የጠበበ ሹራብና ጫማ ይሰብሰብ፤ ይታጠብ፣ ቁልፉ ይተከል፣ በመጠን በመጠን ይለይ። ቀዳዳውን የምትሰጡ ከሆነ ልጁ የሚማረው የማይፈልጉትን መጣልን ነው። ደግሞም በዚያው ትምህርት ቤት አትስጡ። አንድ ልጅ «ይሄ የኔ ጃኬት ነበር» ካለ ተቀባዩ ልጅ ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አይሄድም። በአጥቢያው በኩል ሌላ ሰፈር ይሂድ።

ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ጾመ ነቢያት ነው፤ የተራበን ማብላት ለዚህ ይስማማል። ለብስኩትና ለጁስ ይወጣ የነበረው በየቤቱ በተዘጋ ሙዳየ ምጽዋት ይጠራቀምና በልደት ዋዜማ ይከፈት። ሁሉም በአንድ ላይ ይደባለቅ፣ ማን ስንት እንዳመጣ አይቆጠር።

በጥር ለተጠማ ማጠጣት፦ በከተራና በጥምቀት ታቦታቱን አጅቦ ለሚሄደው ሕዝብ ልጆቹ ውኃ ያቅርቡ፤ ለሁለት ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ይመደብ፣ ግፊያው ቀላል አይደለም። በዐቢይ ጾም ሕመምተኛ መጠየቅ ነው። ሆስፒታሎች ልጆችን ወደ ተኝቶ መታከሚያ ክፍል ብዙ ጊዜ ስለማያስገቡ በሰፈር አልጋ የያዙ አረጋውያንን ጠይቁ፣ ወይም እንደ መቄዶንያ ወዳለ ማዕከል ቀድማችሁ ደውላችሁ ሂዱ። ፎቶ አታንሱ። በግንቦት የታሰረን መጠየቅ፤ ልጆቹ ሳሙናና ደብተር ያሽጉ፣ የሚያደርሱት ትልልቆች ይሁኑ። ሰኔ ፈተና ነው፤ ጸሎት ብቻ።

ጾምን በተመለከተ ከ7 ዓመት ጀምሮ በአቅም ማስለመድ የተለመደ ነው። ትንሹ ቁርሱን በልቶ የጾም ምግብ ይብላ፤ ትልቁ እስከ ስንት ሰዓት ይቆይ የሚለውን የየቤቱ የንስሐ አባት ይወስኑ፣ ማኅበሩ አይወስን። ልጆች ሲፎካከሩ «እኔ እስከ 9 ሰዓት ቆየሁ» ይባላል፣ ያልጾመው ጓደኛም ይናቃል። ከ3ኛ ክፍል በታች ላሉት ደግሜ የምናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የጓደኛህን ምሳ ዕቃ አትመልከት።

ጎንደሬው

ሁሉም መልካም፤ ግን ያለ ጠላ ምኑን ጽዋ ሆነ?

የማኅበር ሙሴ

ወንድሜ፣ ጠላው ለትልልቆች ማኅበር ያምራል። እዚህ ግማሹ ተሰብሳቢ ሕፃን ነው፤ ብዙው ወላጅም መኪና እየነዳ ልጅ ይዞ ይመለሳል። 1 ኪሎ ማር በ8 ሊትር ውኃ በጥብጦ ብርዝ ማቅረብ ይቻላል፤ በዕለቱ ይጠጣ፣ ካደረ መፍላት ይጀምራል። ማር ከተወደደ ተልባ አለ። በጽዋው ውስጥ ያለው ምንም ይሁን ምን ይባረካል።

የሁለት ልጆች እናት

እግዚአብሔር ይስጥልን። አባትየው ፕሮቴስታንት የሆኑበትን ቤት ግን ማንም አልመለሰልኝም። እናትየዋ ልጆቿን ይዛ መምጣት ትፈልጋለች።

የሕፃናት ክፍል አገልጋይ

ልጆቹ የሁለቱም ናቸውና በሁለቱም ፈቃድ ይምጡ። ሙሴው ወይም አንድ የተከበሩ ሽማግሌ አባትየውን በግል ያነጋግሩ፣ መርሐ ግብሩን በወረቀት ያሳዩአቸው። ተደብቆ የመጣ ልጅ ቤቱ ገብቶ መዋሸት ይማራል፤ ከዚያ በላይ ኪሳራ የለም። አባትየው ልምጣ ካሉ ደስ ይበላችሁ። ጠበል ጻዲቁ (የማኅበሩ ዳቦና መጠጥ) ቅዱስ ቁርባን አይደለም፣ ማንም እንግዳ ይቀምሰዋል። ልብሱን መሰብሰብም፣ አረጋዊ መጠየቅም አብረው ይሠራሉ። የሃይማኖት ክርክር ግን በዚያ ቤት አይነሣ፤ የሚጠይቁት ካለ ካህኑን ለብቻ ያግኙ። ተራው ቤታቸው ሲደርስ አባትየው ካልተመቻቸው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ይደረግ፣ ማንም ምክንያት አይጠይቅ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ውጭ አገር ላላችሁ አጭር ማስታወሻ። ቤቱ ስለሚራራቅ ቅዳሜ ከሰዓት አይሳካም፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሻላል። የምግብ አለርጂ ያለበትን ልጅ ቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቆሎ ውስጥ ኦቾሎኒ አትደባልቁ። ወንጌሉን ልጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ ያንብቡት፣ «አቡነ ዘበሰማያት»ን ግን በግዕዝ ይድገሙ፤ በየወሩ አንድ ሐረግ ከተጨመረ ዓመቱ ሳያልቅ ይይዙታል።

ገንዘብ ያዥ

ስለ ገንዘብ ማንም አላነሣም። ወርኃዊ መዋጮ የሚወሰነው አነስተኛ ገቢ ያለው ቤት ሳይጨነቅ በሚችለው ልክ ነው፤ እሱን ለይታችሁ አትጠይቁ፣ እያንዳንዱ በብጣሽ ወረቀት ስም ሳይጽፍ መጠን ይጻፍና ትንሹ ይወሰድ። የባንክ ሒሳቡ በሁለት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ፤ ባልና ሚስት ሁለቱም ፈራሚ አይሁኑ። ገቢና ወጪው በየ3 ወሩ ይነበብ። ለወለደች፣ ለታመመ፣ ለሞተበት ቤት የሚሰጠው መጠን አስቀድሞ በደንብ ይቀመጥ፤ በኀዘን ቀን «ስንት እንስጥ?» ተብሎ ከተመከረ ለአንዱ በዝቶ ለሌላው ማነሱ አይቀርም። ዕድር ግን አትሁኑ፤ ሁሉም በሰፈሩ ዕድር አለው።

ልጁ ከትምህርት ቤቱ የወጣ ቤተሰብ ከፈለገ ይቆይ። ግን በየመስከረሙ ቢያንስ አንድ ቦታ ለ1ኛ ክፍል ወላጅ ክፍት ይሁን። አለበለዚያ ልጆቹ 8ኛ ክፍል ሲደርሱ ጧፍ የሚይዝ ትንሽ ልጅ ታጣላችሁ። 12 ሞልታችሁ ከሆነ ያን ጊዜ ነው ለሁለት የምትከፈሉት፤ ሁለተኛው ጽዋ ከአሁኑ ይገዛ።