ቀይ ሽብር ሙዚየም አጠገብ መዘመር ነውር ነው?

የሳሪስ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። የጸሎት ኅብረታችን መስቀል አደባባይ ዳር፣ ከቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ብዙም ሳይርቅ፣ ፎቅ ላይ አዳራሽ ተከራይቷል። ቅዳሜ ከሰዓት ኪቦርድና ከበሮ ይዘን እንዘምራለን። ታች ቡና የሚያፈሉ እትዬ አሉ። ወንድማቸው በ1970 ከቤት ተወስዶ እንደወጣ ቀረ። «ሙዚየም ገብቼ ስወጣ የእናንተ ጭብጨባ ይቀበለኛል» አሉኝ። ከኛ ግማሹ እንልቀቅ ይላል፤ ግማሹ ስለ ሃይማኖት ነፃነት የሚናገረውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 27 ይጠቅሳል። ምን ትላላችሁ?

ሕግ ተማሪ፦
መብታችሁ ነው፣ አለቀ። ኒውዮርክ በ2010 እ.ኤ.አ. ሙስሊሞች በ2001 እ.ኤ.አ. በሽብር ጥቃት ከፈረሱት መንትያ ሕንፃዎች ቦታ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ማዕከል ሊሠሩ ሲሉ አገር ተንጫጫ። ከንቲባው ብሉምበርግ ግን መብታቸው ነው አለ። ዛሬ አንዱን ካስነሣህ ነገ ተራው ያንተ ነው።

የቄራው ሽማግሌ፦
ሕጉን ማን ካደ ልጄ? ግን ያ ማዕከል በታሰበው መልክ አልተሠራም። ናዚዎች አይሁዶችን የፈጁበት የፖላንዱ ካምፕ አውሽዊትዝም አለ። በ1984 እ.ኤ.አ. የካቶሊክ መነኮሳት ካምፑ አጠገብ ገዳም አደረጉ፤ ቤቱ ድሮ የመርዝ ጋዝ ማከማቻ ነበር። አይሁዶች አዘኑ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ በ1993 እ.ኤ.አ. የሮማው ጳጳስ ራሳቸው ሌላ ቦታ ሂዱ አሏቸው። አትጸልዩ ግን አላሏቸውም።

የእናንተ ነገር ግን ይለያል። ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስንም የመካነ ኢየሱሱን ጉዲና ቱምሳንም በልቷል። እዚያ ሰፈር ጸሎት ባዕድ አይደለም። እኔም ያኔ ቀበሌ ታስሬ ነበር፤ አንዱ ዳዊት፣ አንዱ ቁርኣን በልቡ ይላል። ድምፅ የሚያወጣ አልነበረም፣ ያው ፈርተን ነው። ስለዚህ አትልቀቁ። ስፒከሩን ግን አጥፉ፣ መስኮቱንም ዝጉ። ሙዚየሙ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ጠይቃችሁ ከበሮውን ከዚያ በኋላ አድርጉት። ከሁሉ በፊት እትዬን ራሳቸውን አነጋግሩ እንጂ! እዚህ እኛን ምን አስጠየቃችሁ?

ካዛንቺስ፦
ደመራ ሲበራ እዚያው ሙዚየሙ ፊት ለፊት አይደል እንዴ? ያኔ ስፒከር ቀንሱ ያለ አለ?

የቄራው ሽማግሌ፦
ደመራ በዓመት አንዴ ነው። ቅዳሜ በየሳምንቱ ይመጣል።

የሳሪስ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ችግሩ አስተባባሪያችን «ወንጌል በሹክሹክታ አይሰበክም» ባይ ነው። ቅዳሜ ከመዝሙሩ በፊት እትዬ ጋ ቡና ልጋብዘው ነው።